ባዶ እንስራ ምን ይላል?

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር ነበር። «የላም በረት» ብላችሁ ስትመልሱልኝ ግን ነገሩ ተረት ይሆንብኛል፤ እኔ የማወራው ደግሞ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ መልሱን ተዉትና ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ያለነው ዶርዜ ነው። መሽቷል፤ ጉሙ ከጨንቻ በኩል ወርዶ እንሰቱንም አጥሩንም ውጦታል። የተቀመጥንበት የእናቴ ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነው፣ ከፊት ሲያዩት ዝሆን የሚመስለው ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር ከሥሩ እየተቆረጠ አጥሯል። ልጅ ሆኜ ጣሪያውን ለማየት ስንጋጠጥ አንገቴን ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ቀና ማለት ይበቃኛል። እናቴም እንደ ቤቷ አጥራለች። ይህን ስላት «አንተ ነህ የረዘምከው» ትላለች።

እንግዲህ ስሙኝ።

እናቴ አዲስ እንስራ ከገበያ ስትገዛ የዚያኑ ዕለት አትጠቀምበትም። መጀመሪያ ታጥበዋለች። ከዚያ ከምንጭ በቀዳችው ውሃ ትሞላውና ጥግ አስደግፋ ታሳድረዋለች። ጠዋት በቅል ጨለፍ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ውሃውን አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ ከዚያ እንትፍ! «ገና ይናገራል» ትላለች። ትደፋዋለች፣ እንደገና ትሞላዋለች። ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት። ዝም ያለ ዕለት ውሃውም ቦርዴውም ይገባበታል። እኛ ልጆቹ ሸክላ ሲናገር ለመስማት ጆሯችንን በየተራ እንስራው አፍ ላይ እንደቅን ነበር። የሰማነው የራሳችንን ትንፋሽ ነው።

ይህቺን የእንስራ ነገር ያዙልኝ።

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ እንደ ብዙው የዶርዜ ወንድ ከአገሩ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ነበር ሸማ የሚሠራው፤ እናቴ እዚህ ትፈትላለች፣ እሱ እዚያ ይሠራል። እኔን ወስዶ አስተማረኝ። መወርወሪያውን እንደያዝኩ እንድቀር ሳይሆን እንድለቀው ነበር ምኞቱ። ለቀቅኩት፤ ኬሚስትሪ ተማርኩ፤ ላቦራቶሪ ገባሁ። ባለፈው መስቀል ወደ እናቴ ስመጣ፣ የተማረ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣምና፣ በየቢሮው ማቀዝቀዣ ላይ ተገልብጦ የሚቀመጠውን ባለ 20 ሊትር ሰማያዊ የውሃ ጠርሙስ አዲሱን ገዝቼ ይዤላት መጣሁ። ከእንስራ ይቀላል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ውስጡም ይታያል። ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ የሰፈር ልጆች እየተገለባበጡ፣ እየጨፈሩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ብለው መኪናችንን ተከተሉ። የጠጣሁበትን ባዶ ሃይላንድ ወረወርኩላቸው። ትልቁን ጠርሙስ ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ። እሱን አልሰጠኋቸውም፤ የእናቴ ነው።

እናቴ ጠርሙሱን ተቀበለች፣ ባረከችኝ፣ አገላበጠችው፣ በጣቷ ቋ ቋ አደረገችው። ከዚያ በጋሞኛ አንዲት ነገር ጠየቀችኝ፤ ወደ አማርኛ ሳመጣት እንዲህ ናት፦

«ይሄስ ይናገራል?»

ይናገራል። የሚናገረው ግን ምላስ በሚሰማው ቋንቋ አይደለም። የሚናገረው ነገር ስሙ ቢስፌኖል ኤ ይባላል። «ቢስ» ሁለት ማለት ነው፤ ሁለት ፌኖሎች በአንድ አሴቶን ተጋጥመው ይሠራሉ፤ «ኤ» የአሴቶን ናት። የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እየደመራችሁና እየቀነሳችሁ እንዳትደክሙ። በ1891 አሌክሳንደር ዲያኒን የሚባል ሩሲያዊ ኬሚስት ሠራው፤ ለምን እንደሚጠቅም ማንም ሳያውቅ ዱቄቱ ብልቃጥ ውስጥ ቁጭ አለ። በ1936 ለንደን ላይ ቻርልስ ዶድስ የሴት ሆርሞንን የሚተካ ርካሽ ነገር ሲያፈላልግ ይህን ዱቄት የእንቁላል እጢያቸው ለወጣባቸው አይጦች ሰጠ። አይጦቹ ሆርሞን እንዳገኙ ሆኑ። ኃይሉ ግን ደካማ ነበር፤ ዶድስ በ1938 እጅግ የበረታ ሌላ ስላገኘ ይህን ተወው። ከዚያ በ1953 ጀርመን ውስጥ ኸርማን ሽኔል፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ከዚሁ ነገር እንደ መስታወት የጠራ እንደ ብረት የጠነከረ ፕላስቲክ ሠሩ፦ ፖሊካርቦኔት። ልብ አድርጉ፤ ሆርሞን የሚመስል መሆኑ ከታወቀ ከ17 ዓመት በኋላ ነው ዕቃ የሆነው። የሕፃን ጡጦ ሆነ፣ የውሃ ጠርሙስ ሆነ፤ የአጎቱ ልጅ ኢፖክሲ ደግሞ የቲማቲም ድልህና የሰርዲን ቆርቆሮ በውስጥ በኩል ተቀባ።

እናቴ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ስንት ነው የሚወጣው? እፍኝ ነው? ቁንጥር?»

ይህ ነው ትክክለኛው ጥያቄ። ያለ መጠን እኮ ይህ ሁሉ ባዶ ማስፈራሪያ ነው፤ ማስፈራራትማ ጅብም ያስፈራራል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ብትመዘን የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ያህል ናት። ሦስት ኩንታል ስንዴ ዘርግፉና አንዲት የጤፍ ፍሬ ጣሉበት፣ አማስሉት። ላቦራቶሪ «በሊትር አንድ ማይክሮግራም» ሲል እንዲያ ማለቱ ነው። አሁን ያቺን ፍሬ ፈልጉ። ፈልጉ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ናት ወይስ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ፤ ጤፍ እንጂ የዳጉሳ ፍሬ አለመሆኗንም ማሉ።

ፍለጋውን የጀመሩት ሰዎች ግን ይህን እየፈለጉ አልነበረም። ሦስት ላቦራቶሪዎች፣ ሦስት የራሳቸው ዕቃዎች፤ ሦስቱም ዕቃዎች ሳይጠየቁ ተናገሩ።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። በአሜሪካ ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ አና ሶቶና ካርሎስ ሶነንሻይን ኤስትሮጅን ካላገኙ የማይባዙ የጡት ካንሰር ሴሎችን ያሳድጉ ነበር። አንድ ቀን ሴሎቹ ምንም ሳይሰጣቸው ተባዙ። ሲያጣሩ፣ ሲያጣሩ፣ ጥፋቱ ፈሳሹን ያስቀመጡበት የፕላስቲክ ቱቦ ሆኖ ተገኘ፤ ከፕላስቲኩ ውስጥ ኖኒልፌኖል የሚባል ነገር ይወጣ ነበር። በ1991 አሳተሙት። ቢስፌኖል ኤ አይደለም፣ ጎረቤቱ ነው፤ በሩን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ስታንፎርድ ነው፣ 1993። ዴቪድ ፌልድማንና ባልደረቦቹ እርሾ የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር ይሠራ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። አገኙ! ደስታውን አስቡት። ሰዎቹ ግን የእናቴ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ እርሾ የሌለበትን፣ ባዶ ውሃ ብቻ ያለበትን ፍላስክ በዚያው አውቶክሌቭ በእንፋሎት ቀቅለው ቀመሱት፤ በሴል ነው የቀመሱት፣ በምላስ አይደለም። ሆርሞኑ ባዶው ውሃ ውስጥም አለ። ከእርሾው የመጣ አልነበረም፤ ፍላስኩ ፖሊካርቦኔት ነው፣ ሙቀቱ አላቅቆታል። በሊትር 2 እስከ 3 ማይክሮግራም ቢስፌኖል ኤ። ከሁሉ የምወደው የታሪኩን ጭራ ነው። አምራቹ በጊዜው የነበረው መለኪያ ከቢሊዮን 10 እጅ በታች ያለውን አያይም ነበር፤ ስለዚህ በእሱ መለኪያ ውሃው ንጹሕ ነው። ሴሎቹ ግን ከዚያ ባነሰው ላይ «አለ፣ አለ» እያሉ ይባዛሉ። እንግዲህ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ «በምን ዓይን ፈልጋችሁ?» በሉ። እኔ በሥራዬ ከዚህ የበለጠ የጠቀመኝ ጥያቄ የለም።

ሦስተኛው ክሊቭላንድ ነው፣ 1998። ፓትሪሺያ ሀንት የምትባል ሳይንቲስት የአይጥ እንቁላል ትመረምራለች፤ የሴት ዕድሜ ሲገፋ ክሮሞዞም ለምን እንደሚዛባ ማወቅ ፈልጋለች። ምንም ካልተደረገባቸው ጤነኛ አይጦች ውስጥ የተዛባ እንቁላል ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነበር የምታየው። አንድ ሰሞን ድንገት ከመቶ 40 ሆነ። መኖው ያው፣ አየሩ ያው፣ አይጦቹ ያው። ሰንበትበት ብሎ ደረሰችበት፦ አንድ ሠራተኛ የአይጦቹን ቤትና የውሃ ጡጦ በወለል ማጠቢያ ሳሙና አጥቧቸዋል። ቤቶቹ ፖሊካርቦኔት ናቸው፤ ኃይለኛው ሳሙና ፕላስቲኩን በልቶት ቢስፌኖል ኤው ወጣ። ሆን ብላ ደግማ፣ መጠኑን እየቀያየረች አረጋግጣ፣ በ2003 አሳተመችው። አንድ ሰው ሳሙና ተሳሳተ፤ ዓለም ጡጦውን መመርመር ጀመረ። በ2008 ካናዳ ቢስፌኖል ኤ ያለበትን የሕፃን ጡጦ ልታግድ መሆኗን አስታወቀች፤ በ2011 አውሮፓ፣ በ2012 አሜሪካ ተከተሉ።

እሳቱ ላይ አንድ እንጨት ጨምሩ። አሁን ፍለጋው እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ።

ሰው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ በእግሩ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ይነሳል። መንገዱ ዳር አረቄ ቤት አለ፣ ቦርዴ ቤት አለ፣ ዘመድ ቤት አለ። መጠጥ የማይነካው ሰው ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀድሞ ይደርሳል። አንዳንዱ በየደጁ ጎራ ይላል፤ ማታ ላይ ይደርሳል። ታች ሜዳው ላይ ቆማችሁ ሰዓት ብትይዙ፣ ማን ስንት ቤት እንደገባ ከመድረሻ ሰዓቱ ታውቁታላችሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ መንገዱ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ በቅባታማ ነገር በተለበጠ ደቃቅ አሸዋ ተጠቅጥቋል። ከላይ ናሙናው ይገባል፣ ውሃና ሜታኖል እየገፋው ይወርዳል። ጨው አረቄ አይጠጣም፣ ቶሎ ይወጣል። ቢስፌኖል ኤ ቅባት ይወዳል፣ በየቤቱ ይዘገያል፤ የራሱ ደቂቃ አለው። በዚያች ደቂቃ የሚመጣውን ትይዙታላችሁ።

ግን በዚያች ደቂቃ ሌላም ሰው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መታወቂያ ይጠየቃል። ቀለል ያለው መታወቂያ ብርሃን ነው፤ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ሲመቱት እሱም የራሱን ብርሃን መልሶ ይሰጣል። የሚያስተማምነው ግን ሚዛን ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽን አንዲቷን ሞለኪውል ይመዝናል። ቢስፌኖል ኤ 228 ነው፤ አንድ ፕሮቶን ሲነጠቅ 227 ይሆናል። ማሽኑ 227 የሚመዝነውን ብቻ አሳልፎ ሌላውን ያባርራል፤ ያሳለፈውን ደግሞ ከጋዝ ጋር አጋጭቶ ይሰብረዋል፣ ስብርባሪውን እንደገና ይመዝናል። 212 እና 133 ከወጣ፣ በደቂቃውም ከደረሰ፣ በቃ እሱ ነው። የጠፋ በሬ ገበያ ላይ ሲገኝ ባለቤቱ «ቀይ ነው» ቢል ሽማግሌ አያምነውም፤ «ግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለ፣ ቀኝ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል» ሲል ነው የሚሰጠው። እንደዚያው ነው። በጋዝ መንገድ የሚያስኬዱትም አሉ፤ ቢስፌኖል ኤ በቀላሉ አይተንምና ቀድመው ሌላ ልብስ ያለብሱታል፣ ዝርዝሩ ይቅርባችሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃው እንደ አረቄ ይጣራል። እናቴ ስንት ጋን ጥንስስ አፍልታ ስንት ጠርሙስ እንደምታወጣ ታውቃላችሁ። እኛም አንድ ሊትር ውሃ በትንሽ ማጥመጃ ውስጥ አሳልፈን፣ የተያዘውን በትንሽ ሜታኖል አጥበን፣ አንድ ሊትሩን ወደ አንድ ሚሊ ሊትር እናወርደዋለን። የጤፏ ፍሬ ከሦስት ኩንታል ወጥታ ሦስት መቶ ግራም ውስጥ ገባች ማለት ነው። አሁን ትታያለች።

በመንገድ ግን ይጠፋል። አንዳንዱ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፣ አንዳንዱ ማጥመጃው ውስጥ ይቀራል። ለዚህ የተገኘው ብልሃት የበግ ነጋዴ ብልሃት ነው። በጎች ጫካ አቋርጠው ሲነዱ ስንቱ እንደጠፋ ለማወቅ፣ ሲነሱ ጆሯቸው የተበሳ አሥር በጎች ትቀላቅላላችሁ። ወዲያ ማዶ ከአሥሩ ሰባቱ ከደረሱ፣ ያልተበሱትም ከአሥር ሦስት ሦስት እንደጠፉ ታውቃላችሁ። የእኛ የተበሳ በግ ከከባድ ሃይድሮጅን የተሠራ ቢስፌኖል ኤ ነው፤ በጠባዩ መንትያ ነው፣ በሚዛን ግን 244 ይመዝናል። ማሽኑ ሁለቱን ለይቶ ይቆጥራል።

አሁን ውርደቴን ላውራ። ያ ላቦራቶሪ የት እንደሆነ ይቅር።

ወጣት ነበርኩ፣ ማሽን ላይ ገና መውጣቴ ነበር። የተለያየ ውሃ ሰበሰብኩ፦ በፕላስቲክ የታሸገ፣ በብርጭቆ የተቀመጠ፣ ከቧንቧ የተቀዳ። ሁሉንም አስገባሁ። ሁሉም ላይ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ እንደ ጉጌ ተራራ የቆመ ጫፍ! በብርጭቆ ያለው ላይም አለ፣ የቧንቧውም ላይ አለ። ከተማው ሁሉ ተበክሏል ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ርዕስ ሁሉ አስቤ ነበር። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሮጥኩ። ሰውዬው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩት። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦

«ባዶውስ?»

ባዶው ማለት ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው፤ እንደ ናሙናው ሁሉ በዚያው ዕቃ ተቀድቶ፣ በዚያው ማጥመጃ አልፎ፣ በዚያው ቱቦ የሚወርድ። አልሠራሁትም ነበር። ሠራሁት። ጫፉ ያው ቆመ፣ አንዲት ፀጉር ታህል አላጠረም። ያገኘሁት የከተማውን ውሃ አልነበረም፤ የራሴን ዕቃ ነው። ሁለት ሳምንት አንድ በአንድ እያወጣሁ ፈተሽኩ። የውሃ ማጣሪያው የፕላስቲክ ቀፎ ይናገራል፤ ማጥመጃው ቱቦ ትንሽ ይናገራል፤ የብልቃጡ ክዳን ይናገራል። ብርጭቆውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከ400 ዲግሪ በላይ አቃጠልኩት፣ ክዳኑን በአሉሚኒየም ወረቀት ሸፈንኩት፣ ማጥመጃውን ደጋግሜ በሜታኖል አጠብኩት። ባዶው ቀስ በቀስ አጠረ። ፈጽሞ ዝም አላለም፤ ግን ሹክሹክታ ሆነ፣ ያንንም ሹክሹክታ ከእያንዳንዱ ናሙና መቀነስ ተማርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ማታ፣ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ የእናቴ እንስራ ትዝ አለኝ። ይህን ነገር እኮ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ደቅኜበታለሁ!

ማሽኑ ታዲያ ለሁሉም አይደርስም። ዋጋው አይቀመስም፤ ሌት ተቀን አየር አልባ ሆኖ መቆየት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉን እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ፤ የመብራቱን ነገር ለእናንተ አላስረዳም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ርካሹን መንገድ የሚፈልጉት። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። ግማሽ ቮልት ገደማ ያለው የካርቦን ኤሌክትሮድ ውሃው ውስጥ ሲገባ ቢስፌኖል ኤ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ የሰጠው ጅረት ይለካል። መሣሪያው ኪስ ይገባል። ችግሩ አንድ ጊዜ የለካው ነገር ኤሌክትሮዱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ በየመሀሉ እንደሚታሰሰው እሱም ካልታሰሰ ሁለተኛው ልኬት ይዛባል።

ሌላው ደግሞ የሸማኔ ልጅ የሚወደው ነው። አንድ ቀይ ፈሳሽ አለ፤ እንደ ዱንጉዛ ጥለት የቀላ። ወርቅ ነው! ወርቅ ሲደቅ፣ ሲደቅ፣ ለዓይን እስኪጠፋ ሲደቅ ውሃ ውስጥ ቀይ ይሆናል። እያንዳንዷ የወርቅ ቅንጣት አጭር የዲኤንኤ ፈትል ትለብሳለች፤ እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ክር በሉት። ክሩ የተመረጠው ቢስፌኖል ኤን ሲያይ እንዲጠመጠምበት ነው። ናሙናው ሲገባ ክሩ ወርቁን ትቶ እሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ጨው ሲጨመር የተራቆቱት እንዝርቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። ዓይን ያየዋል፣ ማሽን አያስፈልግም። ግን ይህ የጠራ ውሃ ላይ ነው እንጂ ወተት፣ ቦርዴና የድልህ መረቅ ላይ ሲሆን ግራ ይገባዋል። እኔ ለመጀመሪያ ወንፊትነት እቀበለዋለሁ፤ ፍርድ ቤት ግን ይዤው አልቀርብም።

የሰውን ሰውነትም ይመረምራሉ፣ በሽንት። ጉበት ቢስፌኖል ኤን ከስኳር ቢጤ ጋር አስሮ ይሸኘዋልና መጀመሪያ በኢንዛይም ይፈቱታል። በ2003 እና 2004 አሜሪካ ውስጥ ከ2,517 ሰዎች 93 በመቶው ላይ ተገኘ። በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት የሚወጣ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ሰው ላይ ከተገኘ እንግዲህ በየቀኑ እየገባ ነው።

«ታዲያ ስንት ይጎዳል?» አለች እናቴ። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

ይህን በጤፍ ነው የምነግራት። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ያስቀመጠው ጣሪያ ለ60 ኪሎ ሰው በቀን አንዲት የጤፍ ፍሬ ልትሞላ ትንሽ የቀራት ያህል ነው። በ2023 ግን ያው መሥሪያ ቤት 20,000 ጊዜ አወረደው። አሁን ያቺኑ አንዲት ፍሬ ለ70 ዓመት ያህል አካፍላችሁ ትበሏታላችሁ። የጀርመኑ የአደጋ ግምገማ ተቋም «አበዛችሁት» ብሎ ጣሪያውን አንድ ሺህ እጥፍ ከፍ አድርጎ አስቀመጠ፤ የአውሮፓው የመድኃኒት ኤጀንሲም ከምግቡ ባለሥልጣን ጋር አልተስማማም። ሊቃውንቱ ሲጣሉ መሃል ገብቼ አልዳኝም። አውሮፓ ግን በ2024 መጨረሻ ከምግብ ጋር ከሚነካኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነች፤ ሕጉ ከጥር 2025 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ገበያ ያጣ ዕቃ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ ጉምሩካችን ዓይኑን ቢከፍት አይከፋም።

የእናቴን ጓዳ ስፈትሽ እንዲህ ሆነ። ዕቃው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ፤ ከነጋዴ ምላስ ይልቅ እሱን እመኑ። ቢጫው ጀሪካን 2 ነው፤ ቢስፌኖል ኤ የለበትም። የጀሪካን ጣጣው ሌላ ነው፣ ከውሃ በፊት ምን ተይዞበት ነበር የሚለው። ሃይላንዱ 1 ነው፤ እሱም የለበትም፤ ልጆቹ ሲሮጡለት ልቤ አይፈራም። ፌስታልም የለበትም፤ በ2025 ምክር ቤታችን ባጸደቀው አዋጅ የታገደው በሌላ ክስ ነው፤ ከብት ይገድላል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ተቀዳዶ ሐይቅ ይገባል። በ2020 የታተመ ጥናት ከዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶው ፕላስቲክ ውጠው እንደተገኙ ይናገራል፤ እኛ ደግሞ ከዚህ ዳገት ላይ ቁልቁል የምናየው አባያንና ጫሞን ነው።

ያልጠበቅኩትን የተናገረው ደረሰኜ ነው። አርባ ምንጭ ዓሣ በልቼ፣ ዘይቱ ጣቴ ላይ እያለ፣ የተቀበልኳት ከካሽ ሬጅስተር የምትወጣው ወረቀት። በ2010 የዙሪክ ኬሚስቶች እንዲህ ያሉ 13 ወረቀቶች መርምረው በ11ዱ ላይ በአንድ ኪሎ ወረቀት ከ8 እስከ 17 ግራም ቢስፌኖል ኤ አገኙ። እዚህ ላይ ፕላስቲክ ውስጥ እንደታሰረው አይደለም፤ ልቅ ዱቄት ነው። ለአምስት ሰከንድ ሲያዝ አንድ ማይክሮግራም ገደማ ጣት ላይ ይቀራል፤ ጣቱ ዘይት ወይም ውሃ ከነካው አሥር እጥፍ። ወረቀቱን በጥፍር ጫር አድርጉት፤ ጥቁር መስመር ከወጣ በሙቀት የሚታተመው ዓይነት ነው። ቢስፌኖል ኤ ይሁን ወይስ የተተካበት ወንድሙ ቢስፌኖል ኤስ፣ ያንን ጥፍር አይነግራችሁም። እጃችሁን ታጥባችሁ ክፈሉ።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ገለበጥኩት፤ 7። ፖሊካርቦኔት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ቢቀመጥበት የሚያላቅቀው ጥቂት ነው፤ እናቴ ግን የፈላ ውሃ እንደምትሞላበት አውቃለሁ፣ አመድና ሳሙና አድርጋ እንደምትፈትገውም። በ2008 ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርመራ የፈላ ውሃ ቢስፌኖል ኤ ከፖሊካርቦኔት ጠርሙስ የሚወጣበትን ፍጥነት እስከ 55 እጥፍ ያደርሰዋል ብሏል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግሥቱ ስነሳ ጠርሙሱን በምንጭ ውሃ ሞልታ አሳድራው፣ በቅል ጨልፋ፣ ዓይኗን ጨፍና እየቀመሰች አገኘኋት። ዋጠችው።

«ዝም ብሏል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሄ በምላስ አይሰማም ብዬሽ የለ?»

«ታዲያ እንስራዬንስ በምን አመንከው?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሸክላውን መርምሬው አላውቅም እኮ።

ከዚያ በኋላ እናቴ አልተከራከረችኝም። የጎረቤት ልጅ ጠርታ የጠርሙሱን አንገት በመጋዝ አስቆረጠችው፤ ጠርዙን በጨርቅ ጠቀለለችው። ማታ ከመመለሴ በፊት ስገባ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ሰማያዊው ጠርሙስ ከጎኗ ቆሟል፤ እስከ አፉ ድረስ በተዳመጠ ጥጥ ተሞልቷል።

«አሁንስ ይናገራል?» አልኳት።

እንዝርቱን አሽከረከረችው። «ከጥጥ ጋር ምን ያወራል?» አለችኝ።